ለቀፎ መጠለያና ለጓሮ ዳስ የሚሆን እንጨት ምርጫ፦ ከፃግብጂ አንጻር

በፃግብጂና በሰቆጣ ዙሪያ የቀፎ መጠለያ ወይም የጓሮ ዳስ ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው እንጨት ይበረክታል?» ብሎ ነው። የአረጋውያን መልስ ወይራና ጥድ ነው፤ መልሱም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ትልልቅ ጥድ ዛሬ በአመዛኙ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ሲሆን፣ በገበያ በቀላሉ የሚገኘው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ስለዚህ ጥያቄው በሌለው እንጨት ምን እንሥራ ሳይሆን ባለው እንዴት እንሥራ መሆን ይኖርበታል።

ጥድ የሚበረክተው በቀላ ያለው ልቡ ነው። ዛፉ ሲያረጅ በውስጡ የሚከማቹት ዘይትና መሰል ውሕዶች ሻጋታንና ምስጥን ይከላከላሉ። ውጫዊው ነጭ ክፍል ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ኢኤን 350 የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ የእንጨትን ልብ የመበስበስ ጽናት ከ1 እስከ 5 ሲደለድል፣ ነጩን ክፍል ግን የተለየ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ዝርያው ምንም ይሁን ምን በመጨረሻው እርከን ይመድበዋል። ከዚህ የምንረዳው ቀጭን አጣና አብዛኛው አካሉ ነጭ ክፍል በመሆኑ የዝርያው ስም ብቻ ዋስትና እንደማይሆነው ነው።

ሻጋታ እንጨትን የሚያበሰብሰው የእርጥበቱ መጠን ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። በዋግ ዝናቡ በክረምት ጥቂት ወራት የተወሰነ በመሆኑ፣ ከመሬት ርቆ አየር የሚያገኝ ጣውላ የዓመቱን ብዙ ጊዜ ደርቆ ይቆያል። ፀሐይ ታገረጣዋለች እንጂ ቶሎ አትጨርሰውም፤ ጥድ መሰል እንጨቶች ለአየር ጠባይ ሲጋለጡ ከገጻቸው የሚሸረሸረው በ100 ዓመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ ያለው ከአፈር ጋር በሚነካካበት ቦታ ነው። የቤተሰባችን የቀፎ መጠለያ በወደቀ ጊዜ ቋሚዎቹ ከላይ ደኅና ነበሩ፤ የተበላው በመሬቱ ወለል ዙሪያ ያለው አንድ ስንዝር ያህሉ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ሁሉም ቋሚ ተጥሎ በአዲስ ተተካ።

ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተገነቡበት ነው። የዛጉዌ ዘመን እንጨት እስከ ዛሬ የቆየው በዝርያው ብቻ አይመስለኝም፤ የዋሻው ጣሪያ ዝናብን ከልክሎታል። ዋሻ የሌለው ሰው ይህን በሰፊ የጣሪያ ክፈፍ መተካት ይችላል።

በተግባር ሲታይ፣ ቋሚው በተቀበረ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢያርፍ ይመረጣል። ድንጋዩ ምስጥን ፈጽሞ አያግደውም፤ ነገር ግን ምስጡ የሚሠራው የአፈር መተላለፊያ በግልጽ ስለሚታይ በእጅ ማፍረስ ይቻላል። ነፋስ እንዳይጥለው ግን ቋሚው ከመሠረቱ ጋር በብረት መታሰር አለበት። የሽፋኑ ጣውላ ቁመቱን ይዞ ቢመታ ውሃ በቃጫው አቅጣጫ ይወርዳል፤ የታችኛው ጫፍ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ከዝናብ ፍንጣቂ ይድናል። የተቆረጠ ጫፍ ከጎኑ ይልቅ ውሃ ፈጥኖ ስለሚመጥ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው እርሱ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከተመታ ይሰነጠቃል፤ በጥላ ሥር ተደርድሮ መድረቅ አለበት።

ጥቂት የጥድ ልብ የተገኘ እንደሆነስ? ብዙዎች ለሚታየው ሽፋን ያውሉታል፤ እኔ ለቋሚው እላለሁ። የተበላ የሽፋን ጣውላ በአንድ ጠዋት ይቀየራል፤ ቋሚው ሲበላ ግን መጠለያው ከነቀፎው ይወድቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ከገጹ ብዙም አይዘልቅም፣ ንብ ባለበት ደግሞ ባይቀባ ይሻላል።