የሌፕ የመዳብ ካቪቲ እና የጎደለው 7 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት

በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ሰርን ሌፕ በተባለው መሣሪያ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን ሲያጋጭ የቆየው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000 ድረስ ነበር። መሣሪያው ከተነቀለ በኋላ ከክፍሎቹ አንዱ ማይክሮኮዝም በተባለው የማዕከሉ ዐውደ ርዕይ ለብዙ ዓመታት ለጎብኚዎች ሲታይ ኖሯል። ይህም 2 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ አምስት ክፍሎች በተርታ የተያያዙበትና በላዩ ትልቅ ድቡልቡል የተቀመጠበት የመዳብ ዕቃ ነው። ጎብኚው እንደ ጌጥ ቆጥሮ ፎቶግራፍ ቢያነሣው አያስደንቅም፤ እኛ ግን ከሌፕ ቅርሶች ሁሉ እርሱን እናስበልጣለን። ሌፕ የት ላይና ለምን እንደ ቆመ የሚያስረዳ እርሱ ነውና።

ካቪቲ የሚባለው ይህ ዕቃ ለቅንጣቶች ጉልበት ይሰጣል። በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በሴኮንድ 352 ሚሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት የማዕበሉ ርዝመት ግማሽ፣ ማለትም 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በብርሃን ፍጥነት ገደማ የሚበረው ኤሌክትሮን ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲሻገር መስኩም አቅጣጫውን ለውጦ ይቆየውና እንደገና ወደፊት ይገፋዋል። ድቡልቡሉስ ለምን አስፈለገ? ቅንጣቶች በማያልፉበት ቅጽበት ጉልበቱ ወደ እርሱ ይሸጋገራል፤ በዚያ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ያነሰ ነው።

የሌፕ ቀለበት ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ደቡባዊ ጠርዙን እዚህ ቂሊንጦ ብናደርገው ሰሜናዊው ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይቃረባል። ይህን ያህል የሰፋው በክብ መንገድ የሚዞር ኤሌክትሮን ጨረር እየረጨ ጉልበቱን ስለሚያጣ ነው። መንገዱ በጠበበ መጠን ኪሳራው ይበዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ኪሳራው በጉልበቱ አራተኛ ርቢ ማደጉ ነው፤ ጉልበቱ እጥፍ ቢሆን ኪሳራው 16 እጥፍ ይሆናል። በሌፕ 45.6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት የነበረው ኤሌክትሮን በአንድ ዙር 0.12 ያህል ያጣ ነበር። ጉልበቱ 104.5 ሲደርስ ግን ኪሳራው ወደ 3.4 ከፍ አለ። በሴኮንድ ከ11,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር ይህ ሁሉ በየዙሩ መተካት ነበረበት።

የዜድ ቅንጣትን ለማጥናት ለሚበቃው ለመጀመሪያው ጉልበት 128 የመዳብ ካቪቲዎች በቂ ነበሩ። ለሁለተኛው ግን መዳብ በሙቀት የሚያባክነው ከልክ ያለፈ ስለሆነ፣ በ4.5 ኬልቪን የሚሠሩ 288 የኒዮቢየም ካቪቲዎች ተተከሉ። ኒዮቢየም በዚህ ቅዝቃዜ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው እጅግ ይቀንሳል።

በ2000 የግጭቱ ጉልበት 209 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ደረሰ። በዚያው ዓመት የሂግስን ቅንጣት የሚመስል ምልክት 115 አካባቢ ቢታይም ማስረጃው በቂ ሳይሆን ቀርቶ፣ ብዙ ተመራማሪዎች እንዲቀጥል ቢፈልጉም፣ ሌፕ በኖቬምበር ተዘጋ። ሂግስ የተገኘው በ2012፣ በዚያው ዋሻ በተተከለው ኤል.ኤች.ሲ. ነው። ይህ መሣሪያ የሚያዞረው ፕሮቶንን ሲሆን መጠነ ቁሱ የኤሌክትሮንን 1,836 እጥፍ ስለሆነ በጨረር የሚያጣው ጥቂት ነው። የሂግስ መጠነ ቁስ 125 ሆኖ ተለካ። ሌፕ ሂግስን የሚፈጥረው በዋነኛነት ከዜድ ጋር አጣምሮ ስለሆነ 91 እና 125፣ በድምሩ 216 ያስፈልገው ነበር። የጎደለው 7 ብቻ ነው! ይህች ጉልበቱን 3 በመቶ ያህል ብቻ ብትጨምርም ኪሳራውን በ14 በመቶ ታሳድገዋለች፤ የኒዮቢየም ካቪቲዎቹ ደግሞ ያን ጊዜም ከታቀደላቸው በላይ ይሠሩ ነበር።