ጠማማዎቹ ቤቶች ለምን አልፈረሱም?

የእንግሊዝን አሮጌ ከተሞች በፎቶ ያየ ሰው “እንዴት ያምራሉ!” ብሎ ያልፋል። እኔ ግን የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና “ለምን እስከ ዛሬ ቆዩ?” ልበል። መልሱ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው።

በሰፎክ የምትገኘውን ትንሿን ላቭንሃምን እንውሰድ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ እየሸጠች ከእንግሊዝ ሀብታም ከተሞች አንዷ ሆና ነበር። ነጋዴዎቿም ትልልቅ የእንጨት ቤቶች አሠሩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ከፍላንደርስ ተሰደው የመጡ ሸማኔዎች በኮልቼስተር ቀለል ያለና ረከስ ያለ ጨርቅ ማምረት ጀመሩ፤ የላቭንሃም ገበያ ቀዘቀዘ። ሌላው ከተማ አሮጌ ቤቱን አፍርሶ በአዲስ ሲተካ፣ እዚህ ለማፍረስም ገንዘብ ጠፋ። እርጥቡ እንጨት እየደረቀ ሲጣመም ቤቶቹም አብረው ተንጋደዱ።

እ.ኤ.አ. በ1530 ገደማ የተሠራው የማኅበር አዳራሽ ይህንን ሁሉ ይመሰክራል። ኋላ እስር ቤት፣ ከዚያም ድሆች እየሠሩ የሚጦሩበት ቤት ሆነ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የጉዞ ጽሑፍ ስንጽፍ “ውብ” ከማለታችን በፊት ውበቱ ማንን ምን እንዳስከፈለ እንጠይቅ።