ለሰቆጣ መንገድ አዲስ ሚኒባስ ወይስ ያገለገለ?

ልጆች ሲበዙ፣ አያቶች እርጅና ሲጫናቸው ወደ ልጃቸው ቤት ሲጠጉ፣ የወንድም ልጅ ለትምህርት ከዝቋላ ወይም ከደሃና ወረዳ መጥቶ ሲቀመጥ፣ ባለ5 መቀመጫ አውቶሞቢል ለቤተሰቡ አይበቃም። በዋግ ኽምራ ደጋ የአንድ ቤት ማዕድ ከወላጅና ከልጅ አልፎ ዘመድ አዝማድን ይጨምራል፤ ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም ለገና ወደ ላሊበላ ሲኬድማ አብሮ የሚነሳው ሰው ይበዛል። ስለዚህ ነግዶ ጥሪት የያዘ ወይም ውጭ ያሉ ዘመዶቹ ገንዘብ የላኩለት አባወራ ሚኒባስ ማሰቡ አይቀርም። አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄም ወዲያው ይከተላል። የእኔ መልስ ያገለገለ የሚል ነው፤ ምክንያቴ ግን ርካሽነቱ አይደለም። ሰቆጣ ላይ መኪና መመዘን ያለበት ሲበላሽ ማን፣ የት፣ በምን መለዋወጫ ይጠግነዋል በሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ለብዙ ዓመታት አገር ያወቀው ሞዴል አዲሱን ይበልጠዋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያገለገለ መኪና የሚመከረው የአዲሱ ዋጋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ስለሚወድቅ ነው፤ ኪሳራውን የመጀመሪያው ባለቤት ይሸከማል፣ ሁለተኛው ይጠቀማል። እኛ አገር ይህ ስሌት አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተሩ ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ የቤት መኪና 100 በመቶ ሲጥል፣ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ ግን እስከ 500 በመቶ ደርሷል። ዓላማው አሮጌ መኪና ወደ አገር እንዳይጎርፍ ማድረግ ነበር፤ ውጤቱ ደግሞ አስቀድሞ የገባው መኪና ይበልጥ መወደዱ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእነዚህ ምክንያቶች ከዓመታት በፊት የተገዛ ሚኒባስ ዛሬ ከተገዛበት በላይ ሊሸጥ ይችላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው በርካሽ አገኘሁ ብሎ ባይዘናጋ ይሻላል፤ የሚከፍለው ከባድ ዋጋ ነው፣ ለከባዱ ዋጋ የሚገባውን ነገር ማግኘት አለበት።

የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረን መንገዱ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የተከዜ ሸለቆ ከዚያ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። በሰቆጣ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ሰው ሞልቶ፣ በላዩ ላይ ጤፍና ማር ተጭኖበት ዳገት ሲወጣ ይህ ጉድለት በደንብ ይታወቃል። ወደ ወረዳዎቹ የሚወስደው ጠጠርና ጥርጊያ መንገድ ባሌስትራ ይሰብራል፣ ጎማ ይበላል፣ አቧራው የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ናፍጣው ነው። ማደያ ሲደርቅ ከጀሪካንና ከበርሜል ይቀዳል፤ በዚያ ናፍጣ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ አይጠፋም። የአዳዲሶቹ ናፍጣ ሞተሮች ኖዝል እጅግ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ስለሆነ ጥቂት ውሃ ያበላሸዋል፤ ጥገናውም ልዩ መሣሪያና ኮምፒውተር ይጠይቃል። ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው የቶዮታ ሃይስ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ግን ቆሻሻ ናፍጣን የተሻለ ይታገሳሉ፤ መካኒኩም በመፍቻ ፈትቶ ያጥባቸዋል። ዶልፊንም ሆነ አባዱላ የሚባለው ሃይስ አገሩን የሞላ ታክሲ ስለሆነ ፍሪሲዮኑ፣ የፍሬን ሸራው፣ ባሌስትራው ወልድያም ደሴም ይገኛል። ቱርቦ ያለው ሞተር ዳገት ላይ እንደሚሻል አልክድም። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚወጣ መኪና ያመሽ እንደሆን እንጂ ይደርሳል፤ ኖዝሉ የተቃጠለ መኪና ዝቋላ መንገድ ላይ ሕፃናትን ይዞ ያድራል።

አዲስ ማለት ዛሬ እየቀረበ የመጣው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ነው፤ መንግሥትም ለዚህ በር ከፍቷል። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። የደጋፊዎቹ ክርክር ጠንካራ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ጉልበት አያጣም፣ ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪውን በከፊል መልሶ ይሞላል፣ ናፍጣ ፍለጋ አያሰልፍም። ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ቢሆን እኔም ይህንኑ እመክር ነበር። ሰቆጣ ግን በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይታለች። 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ ሐይቅ በዋግ ወረዳዎች እግር ሥር ተኝቶ ሳለ የዞኑ ሕዝብ በጨለማ መቀመጡ የሚያንገበግብ ነገር ነው። መብራቱ ሲረጋ፣ በወልድያና በላሊበላ መንገድ መሙያ ሲተከል፣ ባትሪ የሚፈትሽ ባለሙያ ሲገኝ መልሱ ይቀየራል። እስከዚያ ድረስ ግን ቤተሰብ ወላድን ሌሊት ሆስፒታል የሚያደርስበትን መኪና በመብራት ተስፋ ላይ መጣል የለበትም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የድሮው ሃይስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ከሾፌሩ እግር ፊት ግጭት የሚቀበል አካል በጣም አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሞዴል አፍንጫ ያገኘውና ሞተሩ ወደ ፊት የወጣው በከፊል ለዚህ ነው። አዲሱ ከአደጋ በተሻለ እንደሚያድን መቀበል ግድ ነው። ሆኖም ብዙው አደጋ የሚመጣው ቤተሰቡ ራሱ ሊቆጣጠራቸው ከሚችላቸው ነገሮች ነው፤ ከፍጥነት፣ ካረጀ ጎማ፣ ከደከመ ፍሬን፣ ከመቀመጫው በላይ ሰው ከመጫን። በጎማው ጎን ከተጻፉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ካለ እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይሰነጠቃል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በ2 ዓመት አንዴ ካልተቀየረ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ ፍሬኑን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ ቀበቶ ማስገጠም፣ መተላለፊያው ላይ ያሉትን ታጣፊ መቀመጫዎች አውጥቶ መጣል ይቻላል። ቤተሰብ ታክሲ አይደለም፤ 12 ሰው ለመጫን የሚያስገድደው የለም።

አዲስ ዋስትና አለው የሚለው ክርክር ሰቆጣ ላይ ብዙ አያስኬድም። ዋስትና የሚጠቅመው ሻጩ ያለበት ቦታ ለሚኖር ነው፤ አዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ያገለገለ መግዛት ግን ጥንቃቄው ከባድ ነው። ኪሎ ሜትሩን የሚቆጥረው ጌጅ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል የፔዳሉ ማለቅና የመሪው ልቅነት የበለጠ ይመሰክራሉ። ሞተሩን የሚያዩት ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ይጠርጥሩ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ከሆነ ማያያዣዎቹን መካኒክ ከሥር ገብቶ ይመልከታቸው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን፣ በባንክ ዕዳ አለመታገዱን፣ ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ያጣሩ፤ በደላላ ቃል ብር መቁጠር የብዙ ቤት ጥሪት አጥፍቷል። መንጃ ፈቃድዎ ለስንት መቀመጫ እንደሚፈቅድም አስቀድመው ይወቁ።

እንግዲህ ለሰቆጣ ቤተሰብ የምመክረው በደንብ የተፈተሸ፣ ያገለገለ፣ መካኒኩ የሚያውቀውን ናፍጣ ሃይስ ነው፤ ካለዎት ገንዘብ ግን ሁሉንም ለሻጩ አይስጡ። ለአራት አዲስ ጎማ፣ ለሙሉ የፍሬን ሥራና ለባሌስትራ የሚሆነውን ለይተው ያስቀምጡ። ይህን ለይተው ለመኪናው የሚበቃ ካልተረፈ በዚህ ዓመት አይግዙ።