ሱቅ ደጃፍ ላይ ያማረ ድምጽ ማጉያ ቤት ሲገባ ለምን ይለወጣል?

በዓል ሲቃረብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ደጃፍ በሙዚቃ ይደምቃል። የወራት ቁጠባውን ይዞ የመጣ ገዥ፣ በዚያ የሰማው ድምጽ ማጉያ ልቡን ይማርከውና ከፍሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ሳሎኑ ውስጥ ሲከፍተው ግን ባሱ ያጉረመርማል፤ የድምጻዊው ቃልም አይለይም። ብዙዎች እንደተታለሉ ቆጥረው ወደ ሻጩ ይመለሳሉ። ዕቃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚደመጥበት ቦታ ነው።

ደጃፍ ላይ የተከፈተ ድምጽ አብዛኛው ወደ ጎዳናው ወጥቶ ይቀራል። በቤት ውስጥ ግን መውጫ የለውም። ድምጽ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰከንድ ከ80 ጊዜ በላይ ከግድግዳ ግድግዳ ሊመላለስ ይችላል። ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና መስታወት አብዛኛውን ይመልሱታል፤ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ሶፋና የተነጠፈ አልጋ ግን በተለይ ቀጭኑን ድምጽ ይውጡታል። ዕቃ ያልገባበት አዲስ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ማዳመጥ ልዩነቱን ለመረዳት ይበቃል።

አስቸጋሪው ባሱ ነው። በሰከንድ 43 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምጽ የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ ልክ ግማሹ ይገጥማል። በዚህም የተነሳ በግድግዳው አጠገብ ይገንናል፤ በክፍሉ መሐል ግን ሊጠፋ ይደርሳል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ሳሎን ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል፤ መጋረጃም ይህን ድምጽ አያስቆመውም። ድምጽ ማጉያውን ጥግ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ባሱን ይበልጥ ያገንነዋል። ቦታ ይቆጥባል ተብሎ በየቤቱ የሚመረጠው ግን ይኸው ጥግ ነው። ከማዕዘኑ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ያህል ማራቅ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሊሞከርም ይገባል።

ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ሌላም ነገር ይታያል። ባሱ ሲበረታ ልል የሆነ ቆርቆሮ፣ የመስኮት መስታወትና የቁም ሳጥን በር ይንዘፈዘፋሉ፤ ባለቤቱም ድምጽ ማጉያው የተቀደደ ይመስለዋል። ባሱን ቀንሶ ማዳመጥ፣ የሚንዘፈዘፈውንም በእጅ ደግፎ መሞከር እውነቱን ያሳያል።

በካርቶን ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥርም ሊያሳስት ይችላል። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምጹ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት የዋጋውን ያህል አይሰማም።

ምርጫው የጆሮም ጉዳይ ነው። ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ድምጽ ማጉያዎችን በመጋረጃ ጋርዶ አድማጮችን ሲያወዳድር፣ አብዛኞቹ ሚዛኑን የጠበቀ ድምጽ መምረጣቸውን አሳይቷል። የዕቃው መጠንና ስም ሲታይ ግን ፍርዱ ይዛባል። የባሱ መጠን ግን ከሰው ሰው ይለያያል። በገና የሚወድ ሰው ጎርናናው ንዝረት ሳይደበዝዝ እንዲሰማው ይሻል፤ ማሲንቆና የአዝማሪ ግጥም የሚያዳምጥ ወይም ዜና የሚከታተል ደግሞ የመካከለኛው ድምጽ ጥራት ይበልጥበታል።

ስለዚህ ገዥው ሻጩ የመረጠለትን ሙዚቃ ሳይሆን ራሱ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። ሁለት ዕቃዎች ሲወዳደሩ ድምጻቸው እኩል ይሁን፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የተከፈተው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። በቤት ሞክሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ መመለስ የሚቻል መሆኑም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መጠየቅ አለበት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ፣ 12 ካሬ ሜትር ለሆነች ሳሎን ትልቁን ትቶ አነስተኛውን መውሰድ ይሻላል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ደግሞ ግድግዳ አልፎ ጎረቤትን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ባሱ ነው።