የኒዮን ማስታወቂያና የፎገራ ጥቁር አፈር

የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት በወረታ ከተማ፥ ሱቁን በኒዮን ሊያሳምር የሚያስብ ነጋዴ ከፊደሎቹ ውበት አስቀድሞ የመሬት ሽቦውን፥ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉትን፥ ሊመረምር ይገባዋል።

የኒዮን ትራንስፎርመር 220 ቮልት ተቀብሎ እስከ 15,000 ቮልት ያደርሳል። በብዙዎቹ ዘንድ የጥምጥሙ መካከል ከብረት ሣጥኑና ከመሬት ጋራ ስለሚያያዝ፥ እያንዳንዱ ጫፍ ከመሬት የሚለየው በ7,500 ቮልት ብቻ ነው፤ «ብቻ» መባሉ ግን ለሚነካው ሰው መጽናኛ አይሆንም። ቱቦዎቹ በሁለቱ ወገን ካልተመጣጠኑ ጭነቱ ወደ አንዱ ያደላል። በዚህ ላይ የመሬት ሽቦው የተበጠሰ እንደ ሆነ ሣጥኑ ራሱ ነፍስ የሚያጠፋ ቮልት ሊይዝ ይችላል።

የፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር፥ በክረምት ርብና ጉማራ ሲያጥለቀልቁት፥ ኤሌክትሪክን በደኅና ያስተላልፋል። በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከተተከለው ብረትም ይላቀቃል። ስለዚህ በመስከረም የተፈተነው ብረት በሚያዝያ እንደገና ይፈተን፤ እርጥበት ከማይጠፋበት ጥልቀትም ይድረስ።

ዛሬ በገበያ ኒዮን እየተባለ የሚሸጠው የኤል.ኢ.ዲ. ገመድ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ይህን ትራንስፎርመር አይሻም፤ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ቮልቱን ይጠይቅ።