በስልክ ሽቦ ወይስ በኬብል? የትኛው ኢንተርኔት ይፈጥናል?

በዚህ እትም ስለ ኢንተርኔት መስመሮች ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። በክፍላችን ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ ልጅ «ጎንደር አክስቴ ቤት ኢንተርኔቱ በስልክ ሽቦ ነው የሚመጣው፣ ከሞባይል ይሻላል» አለ። ሌላው ደግሞ «ውጭ አገር እኮ በቴሌቪዥን ኬብል ነው፣ እሱ ይበልጣል» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን ሁለቱም መስመሮች የየራሳቸው ድካም አላቸው።

1. የስልክ ሽቦ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር መዘርጋት የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ነው። ኢንተርኔት ግን የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1997 ማለትም በእኛ በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዳያል አፕ የሚባለው ነበር። ኢንተርኔት ሲከፈት ስልኩ ይያዛል፤ ፍጥነቱም ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ብቻ ነው።

በኋላ ኤዲኤስኤል የሚባል ዘዴ መጣ። ሰው በስልክ ሲያወራ ድምፁ የሚጠቀመው ከ4 ሺህ ሄርዝ በታች ያለውን ዝቅተኛ ንዝረት ነው። ኤዲኤስኤል ከዚያ በላይ ያለውን፣ እስከ 1 ሚሊዮን ሄርዝ ገደማ፣ ለኢንተርኔት ይጠቀምበታል። ከበሮና ዋሽንት አንድ ላይ ሲሰሙ ጆሯችን ይለያቸው የለ? እዚህም ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ድምፁን ወደ ስልክ፣ ኢንተርኔቱን ወደ ሞደም ትለያለች። ስለዚህ እያወሩ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል።

ጥሩነቱ ከቴሌ ጣቢያው እስከ ቤታችሁ ያለው ሽቦ የብቻችሁ መሆኑ ነው። ድካሙ ግን ርቀት ነው። ከማሳ ማዶ የሚጣራ ሰው በራቀ ቁጥር ድምፁ እንደሚደክም ሁሉ፣ በመዳብ ሽቦም ምልክቱ እየሄደ ይደክማል። ጣቢያው አጠገብ ያለ ቤት በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ሊያገኝ ይችላል፤ 5 ኪሎ ሜትር የራቀው ግን በጣም ትንሽ ነው የሚደርሰው።

2. ኬብል

ይህን ሽቦ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዲሽ ወደ ሪሲቨር የሚወርደው ወፍራም ሽቦ ዓይነት ነው። መሃሉ መዳብ፣ ዙሪያው ፕላስቲክ፣ ከዚያ ላይ መረብ የመሰለ ብረት አለው። መረቡ ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ ይከለክላል። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ቴሌቪዥን በዚህ ሽቦ በየሰፈሩ ስለተዘረጋ ኢንተርኔትም በዚያው ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ቢት ይደርሳል። እኛ ግን ቴሌቪዥን የምናየው ከሳተላይት በዲሽ ነው፤ ሽቦውም ከጣሪያ እስከ ሪሲቨር ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት አያመጣም።

የኬብል ድካሙ የጋራ መሆኑ ነው። ልክ እንደ ቦኖ ውሃ ነው። ዋናው ቧንቧ ወፍራም ቢሆንም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍት ውሃው ይቀጥናል። ስለዚህ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

3. እስቲ በሒሳብ እንየው

አንድ መጽሐፍ 30 ሜጋ ባይት ነው እንበል። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 240 ሜጋ ቢት ይሆናል።
በዳያል አፕ፦ ከ1 ሰዓት በላይ
በ1 ሜጋ ቢት፦ 4 ደቂቃ
በ8 ሜጋ ቢት፦ 30 ሰከንድ
በ24 ሜጋ ቢት፦ 10 ሰከንድ

4. እኛ አብርሃ ጅራ ያለነውስ?

እኛ የምንጠቀመው ሞባይል በሁለቱም ድካም ይመታል። ከታወር ስንርቅ ምልክቱ ይደክማል፤ ታወሩ ደግሞ እንደ ቦኖው የጋራ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛ ከደጋ በሚጎርፍበት ጊዜ አስቡት። ማታ ሁሉም ወደ አገሩ ወደ ቤተሰቡ ሲደውል ያው ታወር ነው የሚሸከመው።

በትልልቅ ከተሞች አሁን ፋይበር እየተዘረጋ ነው። ፋይበር ከፀጉር ያልበለጠ ቀጭን መስታወት ሲሆን መልእክቱን የሚያስተላልፈው በብርሃን ነው። ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይደክም ስለሚሄድ ከመዳብ በጣም ይበልጣል። ከአገራችን በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ አድርገው ከባሕር በታች ካሉት መስመሮች ጋር የሚያገናኙንም ፋይበሮች ናቸው።

ታዲያ ለትምህርት ቤታችን መስመር የሚገባ ቀን «ስሙ ማን ነው?» ከማለት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ከየት ድረስ ነው የሚመጣው? ለስንት ሰው ነው የሚካፈለው? 8 ሜጋ ቢት ለ40 ተማሪ ቢካፈል ለአንዱ 0.2 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል፤ ያ መጽሐፍ 20 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው።

እስከዚያው ግን መላ አለ። አርባችንም ከምናወርድ አንድ ሰው በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ያውርደውና በፍላሽ ወይም ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር እንቀባበል። ዜንደር ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካርድም አይበላም። በተለይ ለሚኒስትሪ የሚዘጋጁት የ8ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የድሮ ፈተናዎችን በዚህ መንገድ ቢካፈሉ ስልክ የሌለው ልጅም በፍላሽ ወስዶ ኮምፒውተር ላይ ያነባል።

ጥያቄ፦ 60 ሜጋ ባይት የሆነ ቪዲዮ በ4 ሜጋ ቢት ለማውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አምጡ። ለዛሬ በዚህ ላብቃ፣ በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!