«አሪቲ ነው» ብለን ውኃ ያጠጣነው አረም

አዳማ በሚገኘው ግቢያችን ማንም ያልዘራው ተክል በቀለ። ባለፈው ዓመት አጥር ስናሠራ አሸዋ የተደፋበት ጥግ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ አንድ ሁለት እያለ ብቅ አለ። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ፣ መሬት ላይ ክብ ሠርቶ የተኛ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሥራ እየፈለግኩ ቤት ስለምውል፣ የእናቴን ጎመንና ቃሪያ የምኮተኩተው እኔ ነኝ። ጠርቼ አሳየኋት።

«አሪቲ ነው፣ እንዳትነካው» አለችኝ። ለእንቁጣጣሽ ከቄጠማው ጋር ልትጎዘጉዘው አስባለች። «ታዲያ ለምን አይሸትም?» ስላት «ገና ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይሸታል» አለች። ከእናት ጋር ማን ይከራከራል? ዝናብ ሲጠፋ ውኃ ሁሉ አጠጣሁት።

በስልኬም ሞክሬ ነበር። ተክል የሚለይ አፕ አውርጄ የቅጠሉን ፎቶ ሰጠሁት። ሦስት ግምት አመጣ፣ አንዱ ካሮት ነው። ስቄ ዘጋሁት።

ጳጉሜን ስትገባ ተክሉ ወገቤ ደርሷል። ግንዱ ሸንተረር አውጥቷል፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጭ አበባ ሞልቷል። የአሪቲ ሽታ ግን የለም። እናቴ ተስፋ ቆርጣ «በቃ ንቀለው» አለች። በባዶ እጄ 12 ነቅዬ ከአጥሩ ጀርባ ባለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ማታ እጄና አንገቴ ሲያሳክከኝ አደረ።

በማግስቱ ሐረርጌ ያደጉ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። ጎመኑ መሃል የቀረችውን አንዷን እንዳዩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ፈረምሲሳ! ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። በኦሮምኛ ስሙ «አስፈራሚ» እንደማለት ነው፤ ማሳህ ውስጥ ከገባ መሬቱን ፈርመህ ለቀህ ትሄዳለህ ለማለት። በአማርኛ ቅንጬ አረም የሚባለው ነው። አበባውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እውነትም የተከካ ቅንጬ ይመስላል።

ወደ አፑ ተመለስኩ። አሁን አበባውን፣ ግንዱንና ቅጠሉን ለየብቻ በቅርበት አንስቼ ሰጠሁት። ሦስቱም ፎቶ አንድ መልስ አመጣ፦ ፓርቴኒየም። ለካ ያን ጊዜ ጥፋቱ የአፑ ብቻ አልነበረም። ቅጠል ብቻ ካሳየነው በቅጠል ይገምታል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ተክሉ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ አካባቢዎች ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በድሬዳዋና በሐረርጌ መታየቱ ተመዝግቧል። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ሳይገባ እንዳልቀረ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በመኪና ጎማ፣ በጎርፍ፣ በድርቆሽ፣ እንደኛ ቤት ደግሞ ምናልባት በአሸዋ እየተጓዘ ተስፋፋ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ሳይታረም ሲቀር የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል። ሌሎች ተክሎች እንዳይበቅሉ የሚከለክል ኬሚካል አለው። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። የሰው ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅሳል፤ ሁሉንም ሰው ግን እኩል አይነካም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ቁጥር ካላሰላ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ትልቅ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። የጣልኩት 12 ነው። ዝቅተኛውን ይዘን ብናባዛ 180,000 ዘር! ለዚያውም አፈር ውስጥ የተቀበረው ዓመታት ቆይቶ መብቀል የሚችል። ሰኔ ላይ በአምስት ደቂቃ የምጨርሰውን ሥራ ወለድ እየከፈልኩ ነው ያቆየሁት።

ይባስ ብሎ ወለዱን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ያ ቦይ ቁልቁል ወርዶ አንድ ሽንኩርት የሚያመርቱ አባት ማሳ ዳር ይደርሳል። ክፍል ውስጥ «ኤክስተርናሊቲ» ሲባል የምንሸመድደው ይሄንኑ ነበር፦ እኔ ግቢዬን አጸዳሁ፣ ቆሻሻው እሳቸው ጋ ሄደ።

ጠዋት ጓንትና ማስክ አድርጌ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ዘሩ እንዳይረግፍ ሳላራግፍ ቀስ ብዬ እየሰበሰብኩ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ አሰርኩት። ያገኘሁት ዘጠኝ ነው። ሦስቱን ጎርፍ ወስዷቸዋል።

ወርጄ ለሽንኩርቱ ባለቤት ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ዝም ብለው ሰምተውኝ «መልኩን አሳየኝ» አሉ። ስልኬን ሰጠኋቸው። ትንሹን፣ ገና መሬት ላይ የተኛውን ፎቶ ደጋግመው አዩት። «እንደዚህ ሆኖ ሳለ ነው መያዝ ያለበት» አሉኝ።

እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ የማታውቁት ነገር ከበቀለ አትቅመሱት፣ ለበግ አትስጡት፣ እንደኔ ወደ ጎረቤትም አትወርውሩት። ከቅጠሉ ሌላ ግንዱንና አበባውንም አንሱ፤ ከዚያ ዕድሜ ያየ ሰው ጠይቁ። ቅንጬ አረም ከሆነ ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ እያለ፣ በጓንት ከነሥሩ ንቀሉት።

እኔ በየቅዳሜው በቦዩ እየወረድኩ ዳር ዳሩን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት አራት አገኘሁ። ሁሉም ገና የካሮት ቅጠል ነበሩ።